ፕሮሶዲን በማተሚያ ቤታችን ሞከርኩት፤ ያስቸገረኝ ግን ስሙ ነው

«ስሚኝማ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ስልካቸውን ከሸሚዝ ኪሳቸው አውጥተው። «ይሄ ያስገባሽልኝ ነገር ቤቴ ሆኜ ይሠራል። ታክሲ ውስጥም ይሠራል። እዚህ በር ላይ ስደርስ ግን ጭጭ ይላል። ማሽኑን ፈርቶ ነው?»

ማሽኑ ያሉት የሚያትሙበትን ሃይድልበርጋቸውን ነው። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ፕሮሶዲ የተጫነበት የቻት ሰርቨራችን፣ መልእክቱን የሚያቀባብለው ኮምፒውተር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው እኮ፤ ከእሳቸው ማሽን 12 ሜትር ቢርቅ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአለቃችን የእትዬ ዘውዴ ልጅ በደንብ ታወራበታለች። ሰርቨሩ አጠገብ የቆመው ሰው ግን መግባት አቃተው።

ፕሮሶዲን መጠቀም ከጀመርን 11 ወር ሆነን። ስለ ሶፍትዌሩ የምለው ጥሩ ነገር ብዙ ነው፤ እደርስበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጊዜዬን የበላው ፕሮሶዲ አይደለም። ስልኮቹ ሰርቨሩን በስሙ ጠይቀው እንዲያገኙት ማድረግ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወደዚያ ያጋደለ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደገባንበት ልንገራችሁ። ማተሚያ ቤታችን 14 ሠራተኛ አለው። ትእዛዙ፣ ፕሩፉ (ለእርማት የሚታየው ናሙና)፣ «ፕሌቱ ወጣ ወይ?» የሚለው ሁሉ የሚሄደው በቴሌግራም ነበር። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቴሌግራም ሲዘጋ ግማሹ ሰው ቪፒኤን አስገባ፣ ግማሹ መደወል ጀመረ። በዚህ መሃል አንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ያልታረመው ፕሩፍ ማሽን ላይ ወጣ። የሙሽራዋ አባት ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። 400 ካርድ ነው። እትዬ ዘውዴ ያን ቀን ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ቴሌግራም ከወራት በኋላ ተከፈተ። እትዬ ግን አልረሱም። «ኧረ የኔ ልጅ፣ የራሳችን የሆነ፣ ግቢያችን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም?» ይሉኝ ነበር ባገኙኝ ቁጥር። እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ የቀዘቀዘበት ሳምንት አገኘሁና ተቀመጥኩበት።

ፕሮሶዲ ኤክስኤምፒፒ የሚባለውን ፕሮቶኮል (የመልእክት መለዋወጫ ደንብ) የሚጠቀም የቻት ሰርቨር ነው። ፕሮቶኮሉ አዲስ አይደለም። ጄረሚ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ በ1998 እ.ኤ.አ. ጃበር ብሎ የጀመረው ነው። ፕሮሶዲ ከ10 ዓመት በኋላ በ2008 መጣ። የተጻፈው ሉአ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ዋጋ የለውም። ኢጃበርድ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ ብዙ ሺህ ሰው ለሚያስተናግድ ድርጅት እሱን ይመርጡታል። ለ14 ሰው ግን ፕሮሶዲ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የጫንኩት 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ዴል ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ አለው። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ ተጭኖ አለቀ። የኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይሉ አንድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። «ቨርችዋልሆስት» ብላችሁ ዶሜይናችሁን (የኢንተርኔት ስማችሁን) ትጽፋላችሁ። ከሥሩ ለቡድን ወሬ አንድ መስመር፣ ለፋይል መላኪያ አንድ መስመር ይጨመራል። ማሽኑ አይጨናነቅም። ፕሮሶዲ ከሚወስደው ሜሞሪ የኔ ብሮውዘር በአንድ ታብ የሚወስደው ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አስደሰተኝ። የተጠቃሚ ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል። ጋሽ ሙሉጌታን «ሙሉጌታ» ብዬ መዘገብኳቸው። ተቀበለኝ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ የሳቸውን ፋይል ስፈልግ ግን ስሙ በፐርሰንት ምልክት ተሞልቷል። ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ምልክት፣ ለአራቱ 12። ጉዳት የለውም። መጀመሪያ ሳየው ግን ተበላሽቶ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ።

የቻት አድራሻ እንደ ኢሜይል ነው። ስም፣ አት፣ ከዚያ ዶሜይን። የኛን ዶሜይን እዚህ ማተሚያ.ኮም እንበለው። ችግሩ ማተሚያ.ኮም ሌላ ቤት አለው። ዌብሳይታችን የተቀመጠው ውጭ አገር፣ አንድ ሆስቲንግ ላይ ነው። ስልኩ «ማተሚያ.ኮም የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ወደዚያ ይላካል። ሄዶ 5222 የሚባለውን ፖርት (የቻቱን በር) ያንኳኳል። የሚከፍት የለም።

ለዚህ የተሠራው ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው የኢንተርኔት ማውጫ) ውስጥ የሚጻፍ፣ ኤስአርቪ የሚባል ሪከርድ ነው። ደንቡ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው እንደ በረኛ ነው። «ዌብሳይት ከሆነ እዚያ ሂድ፤ ለቻት ከመጣህ ግን በዚህኛው ማሽን፣ በዚህ ፖርት ነው» ይላል። አጻጻፉ ለዓይን ይከብዳል። ስሙ አንደርስኮር ኤክስኤምፒፒ ሰረዝ ክላየንት፣ ነጥብ፣ አንደርስኮር ቲሲፒ ይልና ዶሜይኑ ይከተላል። ቀጥሎ ሦስት ቁጥር፦ 0፣ 5፣ 5222። የመጀመሪያው ቅድሚያ ነው፤ ያነሰው ይቀድማል። ሁለተኛው እኩል ቅድሚያ ያላቸው ሰርቨሮች ሥራ የሚካፈሉበት ነው፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ሰው ምንም ቢጻፍ ለውጥ የለውም። ሦስተኛው ፖርቱ ነው። መጨረሻ ላይ የማሽኑ ስም ይመጣል፤ የኛ ቻት.ማተሚያ.ኮም ነው። እዚህ ቦታ ላይ አይፒ (የማሽኑ የቁጥር አድራሻ) አይጻፍም። ሲኔም የሚባለው ቅጽል ስምም አይሆንም። የራሱ ኤ ሪከርድ (ስሙን ከአይፒ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ያለው ትክክለኛ ስም መሆን አለበት።

ከሌሎች ኤክስኤምፒፒ ሰርቨሮች ጋር መነጋገር የፈለገ ደግሞ በ«ክላየንት» ፈንታ «ሰርቨር» የሚል ሌላ መስመር ይጨምራል፤ ፖርቱ 5269 ነው። እኛ አላስፈለገንም።

እኔ ይህን ሁሉ ዶሜይኑን ከገዛንበት ድርጅት ገጽ ላይ ሞላሁ። አስቀመጠልኝ። አረንጓዴ ምልክትም አሳየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግን አልሠራም። ፋየርዎሉን ጠረጠርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ቀጥሎ ደግሞ «ዲኤንኤስ እስኪዳረስ 48 ሰዓት ይፈጃል» የሚለውን የተለመደ ማጽናኛ ለራሴ ነገርኩት።

ፕሮሶዲን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ፕሮሶዲሲቲኤል ከሚባለው መቆጣጠሪያው ጋር «ቼክ ዲኤንኤስ» የሚል ትእዛዝ አለው። ሁለተኛው ቀን ማታ አስኬድኩት። የጻፍኩትን ሪከርድ ከውጭ እንደሚታየው አድርጎ አወጣልኝ። የማሽኑ ስም ቦታ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቻት.ማተሚያ.ኮም.ማተሚያ.ኮም። ለካ ያ ገጽ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ካልተደረገ ዶሜይኑን ከኋላ ይቀጥልበታል። አንዲት ነጥብ ናት። ጨመርኳት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ «ሰላም እማዬ» ብላ ጻፈች። ኢንተርኔት እስኪዳረስ መጠበቅ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነበር።

ያው ትእዛዝ ግን ሌላም ቅሬታ ነበረው። የሚያየው የውጭ አይፒ ማሽኑ ላይ የለም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ልክ ነው። ማሽኑ ያለው ከራውተር ጀርባ ነው፤ የራሱ ቁጥር 192.168.1.10 ነው። ቋሚው አይፒ ያለው ራውተሩ ላይ ነው። ኮንፊጉ ውስጥ «ኤክስተርናል አድሬስስ» ብዬ የውጭውን ቁጥር ስጽፍለት ዝም አለ። ይህን ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ስህተት ይመስለውና ደህናውን ሪከርድ ይነካካል። አትንኩት።

እንግዲህ ከውጭ መግባት ተቻለ። የጋሽ ሙሉጌታ ስልክ ጭጭ ያለው በማግስቱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስልካቸው ከቢሮው ዋይፋይ ሆኖ «ቻት.ማተሚያ.ኮም የት ነው?» ይላል። መልሱ የራውተሩ የውጭ አይፒ ነው። ስልኩ ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ራውተሩ ደግሞ ከውስጥ የመጣን ሰው በውጭ በኩል አዙሮ መልሶ ወደ ውስጥ ማስገባት አይችልበትም። የሚችሉ ራውተሮች አሉ። የኛ አይችልም። በጓሮ በር ያለ ሰው ወጥቶ፣ አጥሩን ዞሮ፣ በዋናው በር እንዲገባ እንደማዘዝ ነው። ቤታቸው ሲሆኑ ከውጭ ስለሚመጡ ነበር የሚሠራላቸው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሆስትስ ፋይል ነው። ዲኤንኤስ በ1983 ከመፈጠሩ በፊት የኔትወርኩ ስሞች በሙሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ነበር የሚያዙት። ያ ፋይል እስከ ዛሬ በየኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ስድስቱ የግራፊክስ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ 192.168.1.10፣ ከዚያ ስሙ። ሠራ። እግረ መንገዴን አንድ ከሰዓት ያባከነብኝን ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ላይ ኤንኤስሉክአፕ የሚባለው የስም መጠየቂያ ትእዛዝ ሆስትስ ፋይሉን አያይም፤ በቀጥታ ዲኤንኤስን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ያሳያችኋል። ፒንግ ግን ፋይሉን ያያል። በፒንግ ሞክሩ።

ስልክ ላይ ግን ሆስትስ ፋይል መንካት አይቻልም። 14 ሰው፣ 14 ስልክ። ስለዚህ ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም እዚያው ዴል ላይ ጫንኩ። ራውተሩ ለሚገናኙት ሁሉ «ስም ስትፈልጉ 192.168.1.10ን ጠይቁ» እንዲል አደረግኩ። ዲኤንኤስማስክ ደግሞ ሁሉንም ጥያቄ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ቻት.ማተሚያ.ኮም ሲመጣበት ብቻ የውስጡን ቁጥር ራሱ ይመልሳል። አንድ መስመር ናት። ኤስአርቪውን መድገም አላስፈለገም፤ እሱ ከውጭ እንደነበረው ይመጣል፤ የሚሰጠው ስም ነውና ስሙ ብቻ ከውስጥ ይፈታል።

አንድ መስመር ጽፌ፣ አስነስቼ፣ ጋሽ ሙሉጌታን ጠራኋቸው።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ይባስ! ድሮ ትንሽ ይዞር ነበር። አሁን ወዲያው እምቢ ይላል።»

«ወዲያው» የምትለዋ ቃል ናት መንገዱን ያሳየችኝ። ቢዞር ኖሮ መልስ አጥቶ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ወዲያው እምቢ ካለ ግን አንድ ማሽን አግኝቶ በሩ ተዘግቶበታል። የትኛው ማሽን? ስሙን ስጠይቅ 127.0.1.1 አለኝ።

በ127 የሚጀምር ቁጥር «እኔው ራሴ» ማለት ነው። የጋሽ ሙሉጌታ ስልክ ሰርቨሩን የሚፈልገው ራሱ ስልኩ ውስጥ ነበር! የሌሎቹም ስልክ እንደዚሁ። ከየት መጣ? ዴቢያን ሲጫን ለማሽኑ የምትሰጡትን ስም ሆስትስ ፋይል ውስጥ በ127.0.1.1 ይጽፈዋል። እኔ ማሽኑን «ቻት.ማተሚያ.ኮም» ብዬው ነበር። ዲኤንኤስማስክ ደግሞ ሲነሳ የማሽኑን ሆስትስ ፋይል ያነብና እሱንም ለጠየቀው ሁሉ ያድላል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥርና እኔ የጻፍኩት መስመር ሲጋጩ የሚያሸንፈው ፋይሉ ነው። ይህ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማን አንብቦት!

ፋይሉ ላይ 127.0.1.1ን ወደ 192.168.1.10 ቀየርኩ። አለቀ። ዲኤንኤስማስክን «ሆስትስ አታንብብ» ማለትም ይቻላል። እኔ ግን እውነተኛው ቁጥር ፋይሉ ላይ እንዲኖር መረጥኩ፤ ከዓመት በኋላ ለምን እንደዘጋሁት አላስታውስም።

ሁሉም ገባ። ከሂሩት በቀር። ሂሩት ዋና ዲዛይነራችን ናት። እሷ ካልገባች ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው። ያው ዋይፋይ፣ ያው አፕ፣ ስልኳም ከሁላችንም ይሻላል። ስልኳን ተቀብዬ ሴቲንግ ውስጥ ስዞር አገኘሁት። አንድሮይድ ከ9ኛው ቨርዥን ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አለው። እሷ ማስታወቂያ የሚያግድ የአንድ ሰርቨር ስም አስገብታበታለች። እሱ ሲኖር ስልኩ ስም የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው፤ የቢሮውን ዲኤንኤስ አይሰማም። ስለዚህ የውጭ አይፒ ይሰጣታል፤ ከራውተሩ ጋር ይላተማል።

«አጥፊው» አልኳት።

«ማስታወቂያው ሊመለስብኝ? በጭራሽ!»

ተደራደርን። ወደ «አውቶማቲክ» መለሰችው፤ እኔ ደግሞ ዲኤንኤስማስኩ ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ ዝርዝር አስገባሁላት። አሁን ግቢው ውስጥ የሁላችንም ስልክ ማስታወቂያ የለውም። ወደ ቤት ስትሄድ ይመለስባታል፤ እየተነጫነጨች ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ነው። ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ አይሄድም። ይህም የስም ጉዳይ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። የቡድን ወሬው ኮንፈረንስ.ማተሚያ.ኮም የሚል ስም አለው፤ ግን ለራሳችን ሰዎች ዲኤንኤስ ላይ መኖር አያስፈልገውም፤ ወሬው የሚያልፈው በተከፈተው መስመር ነው። ፋይል ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ስልኩ ፋይሉን በኤችቲቲፒኤስ፣ በ5281 ፖርት፣ በቀጥታ ፋይል.ማተሚያ.ኮም ወደሚባለው አድራሻ ይጭናል። ስለዚህ ያ ስም በውጭም በውስጥም መፈታት አለበት። የኮንፈረንሱ ያለ ዲኤንኤስ ሲሠራ አይቼ የፋይሉንም ትቼው ነበር። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ አንድ ውጭ፣ አንድ ውስጥ። ፖርቱንም ራውተሩ ላይ ከፈትኩ። እግረ መንገዴን የፋይል መጠኑን አሳደግኩት። ሳይነካ የሚፈቅደው 10 ሜጋ ነው፤ የኛ የመጽሔት ሽፋን ብቻውን 60 ሜጋ ይሆናል።

ሰርተፊኬቱን፣ የሰርቨሩን የማንነት ማረጋገጫ፣ ቶሎ ልለፈው። ሰርተፊኬቱ መውጣት ያለበት በማተሚያ.ኮም እንጂ በቻት.ማተሚያ.ኮም አይደለም፤ ስልኩ የሚያረጋግጠው አድራሻው ላይ ያለውን ዶሜይን ነው። ዌብሳይቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት በዌብ በኩል ሊያረጋግጠኝ አልቻለም። በዲኤንኤስ በኩል፣ ቲኤክስቲ የሚባል የጽሑፍ ሪከርድ በማስገባት አወጣሁት። የፋይሉን ስምም አብሬ አስገባሁ። በየ90 ቀኑ ያልቃል፤ እድሳቱን በስክሪፕት አስረክቤዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ፕሮሶዲ ራሱ። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። በ11 ወር ውስጥ በራሱ ጊዜ የወደቀበትን ቀን አላውቅም። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ሲመጣ ተነስቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ቼክ የሚለው ትእዛዝ ከዲኤንኤስ በተጨማሪ ኮንፊጉንና ሰርተፊኬቱንም ይመረምራል። ሌሎች ሰርቨሮች ላይ ይህን በእጄ ነበር የማደርገው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ስለ መመሪያው ነው። ያለው ነገር ትክክል ነው፤ ግን የተበታተነ ነው። የዲኤንኤሱ አንድ ገጽ፣ የፋይል መላኪያው ሌላ ገጽ፣ የፖርቱ ሌላ ገጽ። ከራውተር ጀርባ ለተቀመጠ ትንሽ ቢሮ «ይህን፣ ከዚያ ያን» የሚል አንድ ገጽ ቢኖር የኔ ሁለት ሳምንት ሁለት ቀን ይሆን ነበር። ሌላው ደግሞ አዲስ ሰው የምመዘግበው በትእዛዝ መስመር ነው። እኔ እረፍት ስወጣ እትዬ ዘውዴ አዲስ ሠራተኛ ማስገባት አይችሉም።

ስልክ ላይ የምንጠቀመው ኮንቨርሴሽንስ የሚባለውን አፕ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ በገንዘብ ነው፤ ኤፍድሮይድ የሚባለው የነጻ አፖች መደብር ላይ በነጻ ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ ጋጂም አለን። የአይፎን ሰዎች ሁለት ናቸው፤ ሞናል ሰጥቻቸዋለሁ። ስልካቸው ባትሪ ለመቆጠብ አፑን የሚገድልባቸው ልጆች ሴቲንግ ውስጥ ገብተው መፍቀድ ነበረባቸው። ሌላ ችግር አልሰማሁም።

ራውተሩ ጎን ላይ በፕላስተር የለጠፍኳት ወረቀት አለች። ሦስት ጥያቄ ተጽፎባታል፤ ከውጭ ስትጠይቂ ምን ይላል? ከዋይፋዩ ስትጠይቂ ምን ይላል? ሰርቨሩ ራሱን ሲጠይቅ ምን ይላል? «አይሠራም» የሚል ሰው ሲመጣ ከወረቀቷ ነው የምጀምረው።

በሚቀጥለው ወር ማተሚያ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወራል። የውጭ አይፒያችን ይቀየራል። የስሙን ቲቲኤል (ሌሎች መልሱን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ካሁኑ ከ86400 ሰከንድ ወደ 300 አውርጄዋለሁ፤ ቁጥሩ የተቀየረ ቀን የድሮውን ይዘው አንድ ቀን እንዳይንከራተቱ። ጋሽ ሙሉጌታ ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው «ማሽኔስ በየት በር ነው የሚገባው?» አሉኝ።